ፒያሳ፦ ከየት ተነሥቶ ሀዋሳ ደረሰ?

በሀዋሳ ከተማ «ፒያሳ» ተብሎ የሚጠራው የመሐል ከተማ ክፍል ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ ቃሉ በዚያ ቋንቋ «ፒያትሳ» ተብሎ ይነገራል፤ ትርጉሙም ዙሪያውን በቤቶች የተከበበ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበትና የሚገበያይበት ሰፊ ሜዳ፣ በአማርኛ «አደባባይ» የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም ያልታሰበበት ነገር ስሙ ሀዋሳ ላይ የተገኘበት መንገድ ነው። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመልሰዋል፤ ሀዋሳ ግን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቀድሞ አዳሬ ይባል በነበረው የሐይቅ ዳር ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በወረራው ዘመን ያልነበረች ከተማ ከወራሪው ቋንቋ የተገኘ ቃል የመሐሏ መጠሪያ አድርጋ መያዟ የቃሉን ታሪክ ከሥሩ መመርመርን ይጠይቃል።

የጣሊያንኛው ቃል አባት የላቲኑ «ፕላቴያ» ነው፤ ላቲንም ከግሪክ ወርሶታል። በግሪክ «ፕላቱስ» ሰፊ፣ ዝርግ ማለት ሲሆን፣ «ፕላቴያ» የዚሁ ቅጽል የሴት ጾታ መልክ ነው፤ በግሪክ መንገድ እንደ ሴት ስለሚቆጠር በከተማ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጎዳና «ሰፊዋ መንገድ» ይሉት ነበርና፣ ውሎ አድሮ «መንገድ» የሚለው ቃል ተጥሎ «ሰፊዋ» ብቻ ቀረ። እንግዲህ ፒያሳ ከሥሩ ሲተረጎም «ሰፊዋ» ማለት ነው። በግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚባለው ፈላስፋው ፕላቶም ስሙ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ላቲን በጣሊያን ሕዝብ አፍ እየተለወጠ ወደ ጣሊያንኛ ሲሸጋገር በቃል መጀመሪያ የነበረው «ፕላ» የሚለው ድምፅ «ፒያ» ሆነ፤ ደልዳላ ማለት የነበረው «ፕላኑስ» «ፒያኖ» የሆነውም በዚሁ ሕግ ሲሆን፣ በየሙዚቃ ቤቱ የሚታወቀው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቃል ነው። የቃሉ መጨረሻ ደግሞ በ«ተ» እና በ«ያ» መገናኘት ምክንያት ጠብቆ ወደሚነገር «ትስ» ተለወጠና «ፕላቴያ» «ፒያትሳ» ሆኖ ወጣ።

አማርኛ ይህን ቃል ሲቀበል በራሱ ድምፆች ልክ ሰፋው። በአማርኛ ለ«ትስ» የሚቀርበው ድምፅ «ጸ» ነው፤ እሱ ግን ፈንድቶ የሚወጣ በመሆኑ ከጣሊያንኛው ለስላሳ ድምፅ ይርቃል፤ ስለዚህ ተናጋሪው «ሰ»ን መረጠ፣ መጥበቁን ግን ከጣሊያንኛው እንደ ወረሰ አቆየው። ምርጫው የአጋጣሚ እንዳልሆነ ከመኪና ጠጋኞች ቋንቋ መረዳት ይቻላል፤ ጣሊያኑ «ፍሪትሲዮኔ» የሚለውን የመኪና ክፍል የኢትዮጵያ መካኒክ «ፍሪሲዮን» ይለዋልና፣ በሁለቱም ቃላት «ትስ» ወደ «ሰ» ተለውጧል። «ፒዛ» የሚለው የምግብ ስም በ«ዘ» መነገሩ ግን ከጆሮ ይልቅ በጽሑፍ በኩል፣ በኋላ ዘመን የገባ መሆኑን ያመለክታል። ፒያሳ የጆሮ ቃል ነው፤ ሰምተው የተናገሩት እንጂ አንብበው ያወቁት አይደለም።

ቃሉ ባይመጣ ኖሮ ኢትዮጵያውያን ለነገሩ ስም ያጡለት ነበር ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። በግዕዝ «ረሐበ» ሰፋ ማለት ሲሆን ከእርሱ «መርሕብ» የሚል ስም ይወጣል፤ ትርጉሙም ሰፊ ቦታ፣ አደባባይ፣ ጎዳና ነው። ግሪኮች ከ«ሰፊ» ተነሥተው «ፕላቴያ» እንዳሉ ሁሉ የግዕዝ ሰዎችም ከ«ሰፋ» ተነሥተው «መርሕብ» አሉ፤ ዕብራይስጥም ከዚሁ የሴም ሥር «ረሖብ» የሚለውን ቃል አውጥቶ ለአደባባይና ለጎዳና ይጠቀምበታል። መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጎሙ «መርሕብ» የ«ፕላቴያ» ተመጣጣኝ ሆኖ አገልግሏል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ላይ ስለ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ሲነገር በግሪኩ የሚገኘው ቃል ያው «ፕላቴያ» ሲሆን፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አደባባይ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ይህም ማለት በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ የኖረው ቃል የጣሊያኑ ፒያሳ ወላጅ ትርጉም ነው ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በአምስቱ ዓመት ወረራ ሲገናኙ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢመስሉም የሐሳብ ዘመዳሞች ነበሩ።

በአውሮፓ ከላቲኑ «ፕላቴያ» የተወለዱት ቃላት ብዙ ናቸው፤ የስፔኑ «ፕላሳ»፣ የፈረንሳዩ «ፕላስ»፣ የጀርመኑ «ፕላትዝ» እና ቦታ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ፕሌስ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የስፔኑ ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ «ፕላዛ» ሆኖ በኢትዮጵያ ከተሞች የሕንጻ መጠሪያ ሆኗልና፣ በአንድ ፒያሳ ሰፈር ውስጥ «ፕላዛ» የተባለ ሕንጻ ሲቆም አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ተጉዞ ራሱን አገኘ ማለት ነው። ከሁሉም ይልቅ ለኢትዮጵያው የሚቀርበው ግን የቱርኩ ነው። ከቬኒስና ከጄኖቫ ነጋዴዎች ጋር ለብዙ ዘመን የኖሩት ቱርኮች ቃሉን «ፒያሳ» ብለው ወስደው ገበያ፣ የገበያ ዋጋ ለማለት ይጠቀሙበታል፤ ለመታየትና ለመተያየት በጎዳና ላይ መንሸራሸርንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በሀዋሳ ማታ ማታ ፒያሳ የሚወጣ ወጣት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በለንደን ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን በጣሊያን አምሳል የተሠራው የኮቨንት ጋርደን አደባባይ ፒያሳ ሲባል፣ ሕዝቡ ስሙ የሜዳው ሳይሆን በዙሪያው ያለው በዓምድ የተደገፈ ጥላ ስም መሰለውና ቃሉ የበረንዳ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በራሷ በኢጣሊያም ቢሆን ልዩነት አለ፤ በቬኒስ ከተማ ፒያሳ የሚባለው በዋናነት የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሲሆን ሌሎቹ አደባባዮች «ካምፖ»፣ ማለትም ሜዳ፣ ይባላሉ።

ቃሉ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች የገባው በመከራ ዘመን ነው፤ ይህ ሊለሰልስ አይገባውም። የአዲስ አበባው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማይቱ ዋና ገበያ የሚቆምበት ስፍራ ነበር። የፋሺስቱ አስተዳደር ከተማይቱን በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደውና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ተወላጆች ገበያ፣ አለው፤ አራዳን ደግሞ ለአውሮፓውያን ሱቅ፣ ሲኒማና ቡና ቤት አደረገው። ዛሬ መርካቶና ፒያሳ ተብለው ጎን ለጎን የሚነሡት ሁለቱ የጣሊያን ቃላት እንግዲህ በመሠረታቸው የአንድ ክፉ ዕቅድ ሁለት ፊቶች ነበሩ፤ አንዱ ለገዥው፣ ሌላው ለተገዛው የተመደበ። «መርካቶ» ራሱ ሸቀጥ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ፣ ገበያ ማለት ብቻ የሆነ ቃል ነው፤ ስድቡ የነበረው በተከታዩ «ኢንዲጄኖ» ውስጥ ነው። ሕዝቡ ስድቡን ጥሎ ገበያውን አስቀረ።

የዚያ ዘመን ሌሎች ስሞችም በአዲስ አበባ ቀርተዋል። ካዛንቺስ «ካዛ» በሚለው ቤት ማለት በሆነው ቃልና «ኢንቺስ» በሚለው ምሕጻረ ቃል የተሠራ ሲሆን፣ ኢንቺስ የኢጣሊያ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን የሚሠራ ብሔራዊ ተቋም ስም ነበር፤ ፖፖላሬ ደግሞ «የሕዝብ» ማለት ነውና ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ፖፖላሪ» ከሚባሉ ቤቶች የተገኘ ነው። በአስመራ መሐል ከተማ የሚታወቀው ኮምቢሽታቶ የሚለው ስም ከ«ካምፖ ቺንታቶ» ማለትም ከ«የታጠረ ሜዳ» የመጣ ሲሆን፣ ለአውሮፓውያን ብቻ የተከለለውን ሰፈር ያመለክት ነበር። እዚህ ላይ ታሪክ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ በሥሩ «ሰፊዋ» ማለት የሆነው ፒያሳ በቅኝ ገዥ እጅ ሲገባ በሥራው እንደ ኮምቢሽታቶ የታጠረ ነበር።

በጎንደርና በደሴም ፒያሳ አለ። ለሁለቱም ከተሞች፣ እንዲሁም ለጅማ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የኢጣሊያ አርክቴክት የከተማ ፕላን አዘጋጅቶ ነበር። የጎንደሩ ፒያሳ ከፋሲል ግቢ አጠገብ የተዘረጋ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት ባለ ክብ ጥግና ባለ ረጅም በረንዳ ቤቶች አሁንም የመንገዱን መልክ ይወስናሉ። ሆኖም በጎንደር ከፒያሳ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ «አደባባይ» የሚለው ቃል የታወቀ ነበር፤ አደባባይ ኢየሱስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከስሙ ጋር ቆሞ ይመሰክራል። አንዲት ከተማ አሮጌውንም አዲሱንም ቃል በአንድነት ይዛ መኖሯ ሁለቱ ቃላት በሕዝቡ አፍ አንድ ነገር እንዳልነበሩ የሚያሳይ ነው።

የነገሩ ዋና ቁም ነገርም ይህ ነው። ኢትዮጵያውያን ፒያሳን ሲወስዱ «አደባባይ» በሚለው ትርጉሙ አልወሰዱትም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ ሰፊና ክፍት ሆኖ ሳለ ፒያሳ ብሎ የጠራው የለም፤ ፒያሳ የሚባለው ግን በሱቅ፣ በወርቅ ቤት፣ በሲኒማና በኬክ ቤት የተሞላ የመንገዶች መረብ እንጂ ክፍት ሜዳ አይደለም። በጣሊያን ትልልቅ ከተሞች ፒያሳ የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስም ይከተለዋል፤ ሮም ውስጥ «ፒያሳ ናቮና» ወይም «ፒያሳ ዴል ፖፖሎ» ይባላል እንጂ «ፒያሳ እንገናኝ» ቢባል ሰሚው የትኛው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አዲስ አበቤው ተከታዩን ስም ጣለውና የወል ስም የነበረው ቃል የአንድ ሰፈር የተጸውዖ ስም ሆነ። ቀጥሎ ሌላ ለውጥ መጣ፤ የአዲስ አበባው ፒያሳ የዘመናዊነት፣ የመዝናናትና የሸመታ ምሳሌ ሆኖ በመላ አገሪቱ ሲታወቅ፣ ስሙ ተመልሶ የወል ስም ሆነ፤ አሁን ግን «አደባባይ» ማለቱ ቀርቶ «የከተማው ሞቅ ያለ መሐል» ማለት ጀመረ። ከወል ወደ ተጸውዖ፣ ከተጸውዖ ወደ ሌላ ወል የተደረገው ይህ ጉዞ የኢትዮጵያውያን ሥራ እንጂ የጣሊያን አይደለም።

የሀዋሳው ፒያሳ የዚህ ሁለተኛ ልደት ማስረጃ ነው። ጎንደርና ደሴ ስሙን ከወራሪው አፍ ተቀብለው ሊሆን ይችላል፤ ሀዋሳ ግን እንዲህ ልታደርግ አትችልም። የሲዳማ ምድር የወረራውን እሳት አልቀመሰም ለማለት አይደለም፤ የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ተዋግተው፣ ኋላም በአርበኝነት ጸንተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጦር ተይዘው ተገድለዋል፤ ጣሊያኖችም ይህን አገር ጅማን ማእከል ካደረገው የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ጋር ቀላቅለው ገዝተዋል። ነገር ግን በዛሬዋ ሀዋሳ ስፍራ ፕላን የተነሣላት የጣሊያን ከተማ አልነበረችም፤ የነበረው የሐይቁ ዳር፣ ግጦሹና የሲዳማ አርብቶ አደር መንደር ነው። ከተማይቱ ስትቆረቆር ከአዲስ አበባ፣ ከይርጋለምና ከሌሎች ከተሞች የመጡ ሠራተኞች፣ ወታደሮችና ነጋዴዎች ሰፈሩባት፤ እነዚህ ሰዎች አዲሲቱን ከተማ ከነሱቋና ከነቡና ቤቷ ሲያሞቋት የሞቀውን ክፍል ከሌላ ከተማ በሚያውቁት ቃል ጠሩት። በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ ይህን ቃል የተጠቀመ ሰው ጣሊያንኛ እየተናገረ አልነበረም፤ የተናገረው አማርኛ ነው።

የከተማው አስተዳደር ክፍፍልም ሳያስበው ለዚህ ምስክርነት ይሰጣል። ሀዋሳ በስምንት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ስትሆን ከመካከላቸው አንዱ «መሐል ከተማ» ይባላል፤ ፒያሳ በኢትዮጵያ ያገኘው ትርጉም በንጹሕ አማርኛ ሲነገር ይኸው ነው። በአዲስ አበባም ሕጋዊው የክፍለ ከተማ ስም አራዳ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ፒያሳን አልተወም። በወረቀት ላይ ያለው ስምና በአፍ ያለው ስም ሲለያዩ ባጃጅ የሚያቆመው ሰው የሚጠራው ሁልጊዜ የአፉን ነው።

ሀዋሳ ለዚህ ጥናት ልዩ የምትሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። የሐይቁና የከተማይቱ ስም በሲዳምኛ «ሰፊ» የሚል ሐሳብ እንዳለበትና የውኃውን ስፋት እንደሚያመለክት ይነገራል። ይህ ከሆነ የከተማይቱ ስምና የመሐሏ ስም፣ አንዱ ከሲዳምኛ ሌላው ከግሪክ በላቲንና በጣሊያን ዞሮ፣ በአንድ ሐሳብ ላይ ተገናኝተዋል። ከዚህም በላይ ሲዳማ ለሕዝብ መሰብሰቢያ ሜዳ የራሱ የሆነ ቃል አለው፤ እርሱም «ጉዱማሌ» ነው። ጉዱማሌ የጋራ የሆነ፣ ማንም የግሌ የማይለው ክፍት መሬት ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ስፍራ ነው። በሀዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለው የሲዳማ ጉዱማሌ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ ወንዱና ሴቱ፣ ትልቁና ትንሹ በአንድነት የሚያከብርበት ሜዳ በመሆኑ፣ ከጥንቱ የግሪክ «ፕላቴያ»ና ከግዕዙ «መርሕብ» ጋር በትርጉም የሚቀራረበው እርሱ እንጂ ፒያሳ የሚባለው የሱቆች ሰፈር አይደለም። በሀዋሳ ጣሊያኖች ፒያሳ የሚሉት ነገር ስሙ ጉዱማሌ ነው፤ ፒያሳ የሚባለው ደግሞ ጣሊያኖች ያላሰቡት ሌላ ነገር ነው።

የወረራ ዘመን ስሞች ይለወጡ የሚል አሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ አሳቡ ከቁስል የሚመነጭ ስለ ሆነ ሊከበር ይገባል። ስሞች መለወጣቸውም ሆነ ወደ ነበሩበት መመለሳቸው ለሀዋሳ እንግዳ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን «አዋሳ» ተብሎ ሲጻፍ የነበረው ስም ከነ«ሀ»ው ወደ ሲዳምኛ አነባበቡ የተመለሰ ሲሆን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም ከተማይቱ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ፒያሳን በተመለከተ ግን ስሙን መሰረዝ ታሪኩን አይሰርዘውም፤ ስሙ ከተሰረዘ ያ ዘመን ያስከተለውን በደል የሚያስታውስም አይኖርም። የአዲስ አበባውን ፒያሳ የሚመለከት ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጣሊያኖች ተነቅሎ ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው የተመለሰ ሲሆን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ፒያሳ ተመርቋል። ወራሪው በተወው ስም የሚጠራ ሰፈር የወራሪውን ሽንፈት መታሰቢያ ተሸክሟል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሰፈሩ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን አለ። ግንቡ ሲፈርስ ቃሉ መቅረቱ ስሞች ከድንጋይ ይልቅ ዕድሜ እንዳላቸው ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ትርጉማቸው ካልተነገረ ዕድሜያቸው ባዶ ነው።

ስለዚህ የሀዋሳ ከተማ አስተዳደርና የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የከተማይቱን የቦታ ስሞች፣ አዳሬን፣ ታቦርን፣ አሞራ ገደልን፣ ጉዱማሌንና ፒያሳን ጨምሮ፣ ከነትርጉማቸው በአንድ መዝገብ ቢያሰፍሩና በየስፍራው አጭር የማብራሪያ ሰሌዳ ቢያቆሙ ትልቅ ሥራ ይሆናል። በ1950ዎቹ በልጅነታቸው ወደ ሀዋሳ የገቡት ሰዎች ዛሬ የሰባና የሰማንያ ዓመት ባለዕድሜዎች ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ የመጀመሪያው ሱቅ የት እንደ ተከፈተ፣ ፒያሳ የሚለውንም ስም ከማን አፍ እንደ ሰሙ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጠይቀው ይጻፉ።